የሚቀየረውና የሚቆየው

«ይቆያል» የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከመንጃ ፈቃዱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሰው መኪናውን አስጎትቶ ይመጣና «አበቃላት፣ ሁሉንም ቀይርልኝ» ይለዋል። እሱ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ ያዳምጣል። ከዚያ ቀና ይልና «ይሄኛውን እንቀይራለን፤ ያኛው ግን ይቆያል» ይላል። ይቆያል ያለው ደግሞ ይቆያል። ደንበኛ ለዚህ ሲል ከከተማው ሌላ ጫፍ ድረስ ይመጣለታል። ባለመለዋወጫው ግን በመንገድ ሲያየው እንኳ ፊቱ ይከፋል።

ያን ቅዳሜ ግን ቃሏ ከአፉ አልወጣ አለች። መኪናዋ የልጁ ነበረች።

ልጁን ሁሉም ሰው ሚጣ ነው የሚላት። ሚጣነቱስ ድሮ ቀርቷል፤ አሁን ከአባቷ በግማሽ ራስ የምትረዝም ቀያሽ ናት። ከተራሮቹ ማዶ አዲስ መንገድ የሚሠራ ድርጅት ቀጥሯት ሰኞ ጠዋት ሥራ ትጀምራለች፤ ስለዚህ እሑድ ጎህ ሲቀድ መነሳት አለባት። ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ መንገድ ነው። ግማሹ ዳገት ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት ነው፣ መሀል ላይ ስልክ የማይሠራበት ረጅም ጫካ አለ። ይቆያል ያንን ጫካ አይቶት አያውቅም፤ ሰው ሲያወራ ነው የሰማው። ይሁንና ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት ሌሊት እዚያ ሲንከራተት ነው የከረመው።

መኪናዋ የገባችው የታይሚንግ ቺንጋ ልትቀየር ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ የሞተሩን ላይና ታች አስማምቶ የሚያዞር ጥርሳም የጎማ ቀበቶ ነው። እንደ ፍሬን አይጮህም፣ እንደ ራዲያተር አያጨስም። አንድ ቀን ይበጠሳል፤ ያኔ የላይኛው ክፍል ከታችኛው ጋር ይጋጭና ሞተሩ ድምጥማጡ ይጠፋል። የዚህች መኪና ቺንጋ ጊዜው ደርሷል፣ መቀየሩ አያከራክርም። የሚያከራክሩት በዙሪያው ያሉት ዕቃዎች ናቸው።

ቺንጋውን የሚወጥረው መወጠሪያ አለ፤ መንገዱን የሚያስይዘው ኩሽኔታ አለ፤ ቺንጋው ራሱ የሚያዞረው የውሃ ፓምፕ አለ። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ግን ይቆያል ለባዕድም ቢሆን አይከራከርም። ሁሉም የሚደረስባቸው ያው ሽፋን ተፈትቶ ስለሆነ፣ ፓምፑ ከርሞ ቢያፈስ ያንኑ ሁሉ መከራ እንደገና ማየት ነው። በጠዋት ሦስቱንም ቀየረ። እስከዚህ ድረስ እጁም ልቡም ልክ ነበሩ።

ቀጥሎ የዘይት መከላከያው ጎማ መጣ። ከላይኛው ጥርሳም መዘውር ጀርባ የተቀመጠች ቀለበት ናት፤ ሥራዋ ዘይት ወደ ቺንጋው እንዳያልፍ መያዝ ነው። እርጥብ ከሆነች ትቀየራለች፣ ደረቅ ከሆነች አትነካም። እሷን ለማውጣት መዘውሩን መፍታት ግድ ነው፤ መዘውር ሳይቸግር ከተፈታ ደግሞ መዘዝ ይከተላል። ይህን ሕግ ለስንቱ ወጣት መካኒክ ያስተማረው ራሱ ይቆያል ነው።

ነጭ ጨርቅ ጣቱ ላይ ጠቅልሎ ቀለበቷን ዞሮ ጠረጋት። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ። መብራቱን አስጠግቶ ደግሞ ጠረገ። ነጭ ነው። የሰው መኪና ቢሆን እዚህ ላይ ፉጨቱን ይጀምር ነበር። አሁን ግን ቀና አለ፣ እጁን ጠረገ፣ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ፣ ውሃ ጠጣ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። ዛሬ ደረቅ ነች፤ ነገስ? ዳገቱ ሲግል፣ ሞተሩ ሲጨነቅ፣ ጠብ ብትልስ? አዲሱን ቺንጋ ብታርሰውስ? ልጁ ጫካው መሀል መኪናዋ ላይ ተደግፋ፣ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ታየችው።

መዘውሩን ፈታው።

በቀጭኑ ግንብ ማዶ የሚሠራው በያጅ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አንገቱን ብቅ አደረገ። ሁለቱ እየተሰዳደቡ ነው ያረጁት።

«አንተ ይቆያል፣ ምነው ዛሬ ፉጨት የለ? ሰው ሞተብህ እንዴ?»

«ሥራህን ሥራ።»

«ሰሃኑ ላይ የምትደረድረው ምንድን ነው? ሱቅ ልትከፍት ነው?»

ሰሃን ያለው የወለቁ ዕቃዎች የሚቀመጡበትን ዝርግ ብረት ነው። ይቆያል ያወጣውን ሁሉ እዚያ ያስቀምጣል፤ ደንበኛው በገዛ እጁ አዙሮ፣ ነቅንቆ፣ ለምን እንደተቀየረ ያያል። በሌላ ቀን ሰሃኑ ላይ ሁለት ሦስት ነገር ቢኖር ነው። ያን ቀን ከረፋዱ በፊት ሞላ። ከደረቁ ጎማ በኋላ የራዲያተሩ ቱቦዎች መጡ፤ ከቱቦዎቹ በኋላ ሻማዎቹ፣ ከሻማዎቹ በኋላ ባለፈው ክረምት ራሱ የቀየረው የዲናሞ ቺንጋ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው ነገሩ። አንዱን በቀየረ ቁጥር ልቡ የሚረጋ መስሎት ነበር፤ ግን አንዱ ሲያልቅ ዐይኑ ወደሚቀጥለው ይዘላል፣ የሚቀጥለው ደግሞ ካለፈው የባሰ ይመስለዋል።

ሚስቱ በምሳ ሰዓት መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የአንገቷ ሜትር ሁልጊዜ አብሯት ይዞራል። የምሳ ዕቃውን መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ሰሃኑን አየች፣ ከዚያ ባሏን አየች።

«ልጅቱንም አምጥተህ ጥርሷን ነቅለህ ቀይርላት እንጂ፤ ምን ቀረህ?»

«አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ሞተር አላውቅም። አንተን ግን አውቅሃለሁ። ትናንት ማታ ሦስት ጊዜ ተነስተህ በር ዘግተሃል፤ በሩ ግን ተዘግቶ ነው ያደረው።» አጠገቡ ካለው ጎማ ላይ ተቀመጠች። «ወንድሞቿን ስትሸኝ እንዲህ አልሆንክም።»

«እነሱ ሲሄዱ ሄደው እንደሚቀሩ መች አወቅሁ?» ድምፁ ሳያስበው ከፍ ብሎ ወጣ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ርቀው ሄደው አሁን በዓል ሲሆን ስልክ ውስጥ የሚገኙ ሰዎች ሆነዋል፤ ያውም መስመሩ ከተሳካ። «ለሁለት ዓመት ነው ብለው ነው የሄዱት። እሷም ለሁለት ዓመት ነው የምትለው።»

ሚስቱ ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችና ፈታች።

«እኔም ከፍቶኛል» አለች። «ግን ልብሷን እያጠፍኩ ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ እንጂ ከሻንጣ እያወጣሁ አልደብቅም። ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

አልበላም። እሷ እንደወጣች ስልኩን አንስቶ ለባለመለዋወጫው ደወለ። ፍሪሲዮን ፈለገ። ፍሪሲዮኑ በሞተሩ በሌላኛው ጫፍ የሚገኝ፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከጎማ የሚያላቅቅና የሚያገናኝ ዕቃ ነው፤ ከታይሚንግ ቺንጋው ጋር የሚያገናኘው በአንድ መኪና ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ባለመለዋወጫው መጀመሪያ ስልክ የተሳሳተበት መሰለው።

«ይቆያል? እውነት አንተ ነህ? አንተ ፍሪሲዮን ልትቀይር? ምን ሆነ፣ ተቃጠለ?»

«አልተቃጠለም። አለህ የለህም?»

«ኦሪጅናሉ አሁን የለኝም። ማክሰኞ ይገባል።»

ማክሰኞ። ይቆያል ስልኩን ዘግቶ ባለበት ቆመ። ደረቱ ላይ ከሳምንት ጀምሮ ተጭኖት የነበረው ነገር ቀለል አለው። ማክሰኞ ማለት እሑድ አይደለም፣ ሰኞም አይደለም። ይህ ሲሰማው ደግሞ በራሱ አፈረ፤ ሆድ ያውቃልና። ግን እፍረቱን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ክሪኩን ፍለጋ ሄደ።

ሚጣ የመጣችው እሱ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ የፍሪሲዮኑን ብሎኖች በዘይት ሲያርስ ነው። መጀመሪያ ጫማዋን አየ፤ ለተራራው የተገዛ፣ ገና ያልተላመደ ወፍራም ጫማ።

«አባዬ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ? ቺንጋው ከፊት አይደል እንዴ?»

ተንፏቆ ወጣ። «ፍሪሲዮኑን ልቀይረው ነው። ዳገቱን አይችልም። ዕቃው ማክሰኞ ይመጣል። ደውይና ትንሽ ልዘግይ ነው በያቸው።»

«ባለፈው ሳምንት ራስህ ነድተኸው ‹እንደ አዲስ ነው› አላልከኝም?»

«ባለፈው ሳምንት ባለፈው ሳምንት ነው።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ወደ ሰሃኑ ሄዳ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ታነሳ ጀመር። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምትውለው እዚህ ነበር፤ ምን እንዴት እንደሚታይ ታውቃለች። የድሮውን መወጠሪያ አዞረችው፤ ሸካራ ድምፅ ሰጠ። ፓምፑን ነቀነቀችው፤ ተወዛወዘ። ራሷን በይሁንታ ነቀነቀች። ቱቦውን ጨመቀችው፤ ገና ጠንካራ ነው። የዲናሞውን ቺንጋ አጠፈችው፤ አንድ ስንጥቅ የለውም። አሁን ሳቋ ጠፍቷል።

«የሰው መኪና ብትሆን ከዚህ ውስጥ የትኛውን ትቀይር ነበር?»

«የሰው መኪና አይደለችማ!»

«አባዬ።»

«የሰው መኪና ከተበላሸች ባለቤቱ ተመልሶ ይሰድበኛል። አንቺ ብትቆሚ ማን ይሰድበኛል? እዚያ ጫካ ውስጥ ማን አለልሽ? አንቺ ውሃ ቀጠነ ትያለሽ፣ እኔ እዚህ እብድ እሆናለሁ!» የያዘውን የብሎን ቁልፍ መሬት ላይ ወረወረው። በግንቡ ማዶ የብየዳው ድምፅ ቀጥ አለ።

ሚጣ ቁልፉን አንስታ በቦታው ሰቀለችው። ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ ይህን ከእናቷ ነው የወሰደችው።

«ሰኞ ካልተገኘሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፤ ነግረውኛል። መኪናዋ ካልደረሰች በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ሻንጣዬ ታስሯል። ግን አንድ ነገር አስብ፤ መኪናዋ እኔን ለመውሰድ ብቻ መሰለችህ? ያለ መኪና እዚያ ከተቀመጥኩ በምኔ ነው እየመጣሁ የማይህ?»

ይቆያል ስለ መሄዷ ሲያስብ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት የምትወጣውን መኪና ብቻ ነው ያየው። ወደ ቤት የምትመጣዋን አንድም ጊዜ አላሰባትም።

«ክሪኩን አውርጂው» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫ ሠራው። የዘገየውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሊያካክስ ፈለገ። ላቡ ዐይኑ ውስጥ እየገባ፣ ብሎን ከእጁ እያመለጠ፣ የላይኛውን መዘውር መልሶ አሰረ፣ ቺንጋውን አለበሰ፣ መወጠሪያውን ለቀቀ። የላዩ ምልክት ከላዩ፣ የታቹ ከታቹ ጋር ገጥሟል። ሚጣ የእጅ መብራቱን ይዛለት ታየዋለች። እሱን ግን ከፍሪሲዮኑ ነገር በኋላ ዐይኗን ማየት ከብዶታል።

«በይ ግቢና አስነሺው» አለ።

«በእጅ ሳይዞር?»

በይቆያል ጋራዥ ቺንጋ ተቀይሮ ሞተር ወዲያው በማስነሻ ቁልፍ አይነሳም። መጀመሪያ ረጅም የብሎን ቁልፍ ታች ያለው ብሎን ላይ ይገባና ሞተሩ በእጅ፣ ቀስ ተብሎ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። እጅ የሚሰማውን የሞተር ማስነሻው አይሰማውም፤ እሱ ዝም ብሎ ያዞራል፣ የሚሰበረውን ይሰብራል። ይህን ሳያደርግ ያስነሳበት ቀን የለም።

«ምልክቶቹ ገጥመዋል እኮ። እየመሸብሽ ነው፣ አስነሺው።»

ሚጣ አልገባችም። ረጅሙን የብሎን ቁልፍ ከግድግዳው አውርዳ፣ ጎንበስ ብላ ታች ካለው ብሎን ጋር አገናኘችው። በሁለት እጇ፣ ሳትቸኩል አዞረችው። ሩብ ዙር ሄደ። ትንሽ ቀጠለ። ከዚያ ቀጥ አለ።

ቀስ ብላ ሞከረች። ድንጋይ እንደነካ ሆነ።

«አባዬ፣ ይዞኛል። ብረት ነው የነካው።»

ይቆያል እጁን እጇ ላይ አድርጎ ቁልፉን ነካ አደረገው። አዎ፣ ብረት ከብረት ጋር ነው። ሞተሩ በማስነሻው ቁልፍ ተነስቶ ቢሆን ኖሮ በዚያች ቅጽበት የላይኞቹ ክፍሎች ተጣመው፣ ሞተሩ እዚሁ፣ በገዛ ጋራዡ፣ በገዛ እጁ ያበቃለት ነበር። ሚስቱ ተቀምጣበት የነበረው ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ስህተቱ የት እንደሆነ ሳያይ አወቀው። የላይኛው መዘውር ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ ለዚህ ሞተር፣ ሌላው ለሌላ ዓይነት ሞተር የተሠራ። በተሳሳተው ቀዳዳ ከታሰረ ውጪ ያለው ምልክት ገጥሞ ይታያል፣ ውስጡ ግን ዘምሟል። በሰላሙ ቀን በጨለማ በዳበሳ የማይስተው ነገር ነው። ያን መዘውር ባይፈታው ኖሮ ደግሞ የሚሳሳተው ነገር ባልኖረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሱ ግን ችኮላውም ከፍርሃቱ ነው የመጣው።

«የዘይት ጎማውን ቀይሬው ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «ለዚያ ስል ነው መዘውሩን የፈታሁት።»

ሚጣ ከሰሃኑ ላይ ቀለበቷን አነሳች። በጣቷ ዞራ ዳሰሰቻት፣ ጣቷንም አየችው። ምንም የለም።

«ደረቅ ነበረች?»

«እንደ አጥንት። ሁለት ጊዜ ጠርጌ አይቻታለሁ። ፈርቼ ነው፣ ልጄ። አንቺን ክፉ እንዳይነካሽ ብዬ የነካሁት ነገር ነው ሞተሩን ሊገድልብሽ የነበረው።»

 ሚጣ ጎንበስ ብላ ቺንጋውን አላላች፣ መዘውሩን ፈታች። ከዚያ ጠራችው። እሱ ትክክለኛውን ቀዳዳ በጣቱ ነካ አደረገላት፣ እሷ አሰረችው። ምልክቶቹን ስታይ አንድ ዐይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ይዛ ነው፤ በቅየሳ መሣሪያዋ መንገድ የምታይበት ዐይን ነው። ቺንጋውን አለበሱት። ቁልፉን አብረው ያዙ። አንድ ዙር ሄደ፤ ሁለተኛው ሄደ። ምንም አልነካም፤ ምልክቶቹ ዞረው ቦታቸው ላይ ቆሙ። ስታስነሳው ሞተሩ በአንዴ ተቀበለ።

በያጁ በግንቡ ላይ ሆኖ «እልል በሉ!» ብሎ ጮኸ። 

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መኪናዋን ለመፈተን ወጡ። ሚጣ ነች የምትነዳው። ከሰፈሩ በስተጀርባ ወደ ውሃ ታንከሩ የሚወስደው መንገድ ረጅም ዳገት አለው፤ ይቆያል የሰው መኪና የሚፈትነው እዚያ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ሰጠ። ቺንጋው ዝም ብሏል፣ ኩሽኔታው ዝም ብሏል፣ ፓምፑ ዝም ብሏል። ሊይዝበት የሚችል ምንም ነገር አጣ።

«ፍሪሲዮኑ ምንም አልሆነም» አለ። «ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቄያለሁ።» ዐይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። የልብስ መስጫ ገመዶችን፣ የተዘጋውን ዳቦ ቤት አለፉ። «እኔም ዋሽቼሃለሁ» አለች።

«ምን?»

«የአውቶቡሱን። ሻንጣዬ ገና አልታሰረም፤ እማዬ ናት አጥፋ የምትከተው፣ እኔ ማታ ማታ አወጣዋለሁ። ፈርቻለሁ አባዬ። እዚያ ማንንም አላውቅም። ያኔ ስትጮህብኝ አንድ ጊዜ ደግመህ ‹ማክሰኞ› ብትለኝ ኖሮ፣ ደውዬ አልመጣም እላቸው ነበር። አሁንም ብትለኝ…» አልጨረሰችውም።

ይቆያል ወደ ልጁ ዞረ። መሪውን የያዙት ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። ሳምንቱን ሙሉ በቁልፍና በብሎን ሲፈልገው የከረመው ነገር እነሆ ምላሱ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አንዲት ቃል ብቻ ነው፣ ያውም ተለምኖ። ነገ ጠዋት በረንዳው ላይ ሆና ስትስቅ ሰማት። ጫማዋን በሩ ሥር አየው። ያቺን ቃል ሊላት ፈለገ።

ከፊታቸው መንገዱ ወደ ላይ ቀና አለ።

«ዳገቱ መጣ» አለ። «ማርሽ ቀንሺ፣ እናቴ። አትፍሪ፣ እርገጪው።»